የከለከልኩት ፍም

ዛሬ ክብሪት በየሱቁ ሞልቶ፣ እሳት ፍለጋ ጎረቤት የሚሄድ ሰው የለም። የልጅ ልጆቼ «እሳት ልጭር መጣሁ» ማለት ምን እንደሆነ እንኳ አያውቁም፤ ስነግራቸው ይስቃሉ። ይሳቁ። እኔ ግን በዕድሜዬ ከሠራሁት ክፉ ሥራ ሁሉ የሚከብደኝ አንዲት ፍም መከልከሌ ነው፤ አሁን ካልተናገርኩት መቼም አልናገረው።

መንደራችን ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም ከሚወስደው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ ነበር። ፍኖተ ሰላምን ያን ጊዜ ወጀት ነበር የምንላት። በእኔና በጎረቤቴ መካከል ያለው አንድ አጥር ብቻ ነው፤ እሱም አጥር ከተባለ! በእኛ ምልልስ መሀሉ ተበስቶ መተላለፊያ ሆኗል። ሁለታችንም በአንድ ዓመት ተድረን የመጣን ነን፤ እሷ ከአገው በኩል፣ እኔ ከደምበጫ። ማታ እሳታችንን በአመድ ዳፍነን እንተኛለን፤ ጧት እሳቷ ጠፍቶ ያደረባት የሰባራ እንስራ ገል ይዛ ወደ ሌላዋ ትሄዳለች። ፍም መጫሩ ጊዜ አይወስድም፤ ወሬው ነው እንጂ ፀሐይ የሚያስወጣብን። ያመመኝን፣ ባሌ የተናገረኝን፣ አማቴ ያስቀየሙኝን የምነግረው ለእሷ ነበር። እውነቱን ልናገርና፣ አንዳንድ ቀን እሳቴ ሳይጠፋ ጠፍቷል ብዬ ሄጃለሁ። እሷም ታውቅብኛለች። «አንቺ ሴት፣ የጠፋብሽ እሳት ነው ወይስ ወሬ?» ትለኝና እንሳሳቃለን።

ጣልያን መጣና ይህ ሁሉ ቀረ። የእኔ ባል ጠመንጃውን ይዞ ከአርበኞች ጋር ዱር ገባ። የእሷ ባል ቡሬ ምሽግ ሄዶ ባንዳ ሆነ። ውስጥ ለውስጥ ለአርበኛ ይሠራ ነበር ብዬ አላሳምርላችሁም፤ አልሠራም። ጥርት ያለ ባንዳ ነበር፤ የእኔን ባል ከሚያሳድዱት ጋር አብሮ ይወጣል።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሽማግሌዎቹ ዋርካው ሥር ተቀምጠው ፈረዱ። ለዚያ ቤት እሳት የሚሰጥ፣ ከዚያ ቤት እሳት የሚጭር፣ ለቅሶ የሚደርስ፣ ከእኛ የተለየ ይሁን ተባለ። እሷ ምን አደረገች ብሎ የጠየቀ አልነበረም። እኔማ «እሰይ! የእጁን ነው ያገኘው!» ብዬ ከሁሉ በላይ ጮኽኩ። ቤቴ ተመልሼም የአጥሩን ቀዳዳ በእሾህ ደፈንኩት። እሷ ያን ጊዜ የሰባት ወር እርጉዝ ነበረች።

የወለደችው ነሐሴ ላይ ነው፣ ዝናቡ አላባራ ባለበት ሰሞን። ማን እንዳዋለዳት እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ብቻዋን ሳትወልድ አልቀረችም። ሕፃን ሲያለቅስ በአጥሩ በኩል ሰማሁ። ከዚያ እልልታ ጠበቅሁ፤ እልል የሚላት ማን አለና? የእኔ ምላስ ሊል ቃጥቶት ነበር፤ በጥርሴ ያዝኩት። ከዚያ በኋላ ደጋግሜ የምሰማው በአገውኛ እሹሩሩ ስትል ነበር። ቋንቋውን ባላውቀውም እሹሩሩ መሆኑ አይጠፋኝም።

በሳምንቱ፣ ገና ማለዳ ሳለ፣ ደጃፌ ላይ ድምፅ ሰማሁ። ስከፍት እሷ ናት። ነጠላዋ ረጥቦ ከሰውነቷ ተጣብቋል፤ ገሏን ዝናብ እንዳይገባበት ደረቷ ሥር ደብቃዋለች። አራስ ሴት ከቤት አትወጣም፤ እሷ ግን የሚወጣላት ሰው አልነበራትም።

«እቴ፣ እሳት ጠፋብኝ» አለች። «ጣራው አፍስሶ ምድጃው ላይ ወረደ። ባሌ ያመጣልኝ ክብሪትም ረጠበ። ልጅቱ እየቀዘቀዘችብኝ ነው።»

ከኋላዬ ምድጃዬ ይንቦገቦጋል። ጭሱም በሣር ክዳኑ አልፎ ሲወጣ እሷ ቆማ ታየዋለች።

«የእኔም ጠፍቷል» አልኳት።

ወደ ጭሱ ቀና አለች፤ ከዚያ ወደ እኔ። ዞራ ሄደች። አማቴ መደብ ላይ ተኝተው ነበር፤ ዓይናቸው ማየት ካቆመ ቆይቷል።

«ማን ነው የመጣው?» አሉኝ።

«ውሻ ነው፣ እማ» አልኳቸው።

ገና ከአጥሩ ጥግ አልታጠፈችም ነበር። ሰምታኛለች። እንድትሰማኝም ነው ድምፄን ከፍ ያደረግሁት። ይኸው፣ ተናገርኩት።

ሌሎቹም ቤቶች ሄዳ እንደ እኔው እንደመለሷት በኋላ ሰማሁ። ወንዙ ሞልቶ ስለነበር ማዶ መንደር መሻገር አልቻለችም። በሦስተኛው ቀን በእሾሁ መሀል አጮልቄ ሳይ፣ ጓሮዋ ካለው ጌሾ ሥር በዶማ ትቆፍራለች። አጠገቧ በነጠላ የተጠቀለለ ትንሽ ነገር አለ። ልጅቱ ክርስትና ስላልተነሳች ቄስ አይመጣም፤ ጎረቤትም አልመጣ። እሷው ቆፍራ፣ እሷው ቀበረቻት። አንድ ጊዜ ጮኸች፤ የሚቀበላት ስታጣ ዝም አለች። እኔ ከአጥሩ ወዲህ ቆሜያለሁ፣ እሾሁን የማነሣበት እጅ አለኝ፣ አላነሣሁትም። በብርድ ትሙት በሌላ እግዜር ያውቃል ትሉኝ ይሆናል። እኔም አውቃለሁ።

መስከረም ሲጠባ ጣልያን ከነባንዳው ወጥቶ፣ ወንዶቻቸው ዱር የገቡባቸውን ቤቶች እያለ መንደሩን ሁሉ አቃጠለ። እኛ አስቀድሞ ወሬ ደርሶን፣ እኔ አማቴን አዝዬ፣ ሸለቆ ገብተን ነበር። ሦስት ቀን ዝናብ ወረደብን። ስንመለስ ከቤቴ የቆመ እንጨት አልቀረም፤ አመዱን ዝናብ ጭቃ አድርጎታል። በእጄ ብቆፍር፣ በእንጨት ብጭር፣ ያ ሁሉ ቤት ከነደደበት መንደር አንዲት ፍም ጠፋች! የቆመው የእሷ ቤት ብቻ ነበር፤ ከጣራው ጭስ ይወጣል።

አማቴን ግራሩ ሥር አስቀመጥኳቸው። ጥርሳቸው ይንገጫገጫል፣ ከንፈራቸው ጠቁሯል፤ ወዲያው ሙቀት ካላገኙ እንደማይተርፉልኝ አይቻለሁ። ጭሱን አየሁት። በምን ዓይኔ ልያት? አልሄድኩም።

እሷ መጣች። ያንኑ ገል ይዛ፣ ፍም ሞልታበት። አማቴ እግር ሥር አስቀምጣው ተንበረከከች፤ እጃቸውን ይዛ ወደ ሙቀቱ አስጠጋችው። እኔን አላየችኝም።

«ማን ነው የመጣው?» አሉ አማቴ።

ጥያቄው ለእኔ ነበር።

«ጎረቤት ነኝ፣ እማ» አለች እሷ። «ይነሱ፣ ቤት እንግባ።»

ጎጆ እስክንቀልስ መንደሩ ሁሉ እሷ ቤት ተጠልሎ ከረመ፤ ሽማግሌዎቹም ጭምር! ፍርዱን አንሥተናል ያለ የለም፤ እሳቷን ግን ከበው ይሞቃሉ። እኔም እሞቃለሁ። ይቅር በይኝ ልላት በየቀኑ እነሣለሁ፤ ሰው አለ እላለሁ፣ ነገ እላለሁ። አማቴ ተረፉ። ይቅርታዬ ግን ሳይወጣ ቀረ።

በጋው ሲገባ ባሏ ውጊያ ላይ ሞተ፤ ወንድሞቿም ሊወስዷት ከአገው መጡ። የምትሄድ ዕለት ወደ ጎጆዬ መጣችና ደጅ ላይ ቆመች።

«ከጌሾው ሥር ያለችውን እይልኝ» አለችኝ። «ከብት እንዳይረግጣት።»

«ለእኔ ነው የምትሰጪኝ?» አልኳት።

«ለማን ልስጣት? ሌላ ጎረቤት የለኝም።»

ወንድሞቿ ጠሯት፤ ሄደች። ከዚያ ወዲህ አላየኋትም።

ጣልያን ሲወጣ ባሌ በደኅና ገባ። አራት ልጆች ወለድኩ። አራቱንም ስወልድ ቤቱ በሴት ተሞልቶ እልልታው ሲቀልጥ፣ እኔ አለቅስ ነበር። ሴቶቹ ምጡ ነው ይላሉ።

ጌሾውን እስከ ዛሬ አጥሬዋለሁ። ነሐሴ ሲገባ ጧት ጧት ከምድጃዬ ፍም በገል ጭሬ እወስድላታለሁ። ልጆቼ አረጀች፣ አእምሮዋ ተነካ ይላሉ፤ ይበሉ። ዝናቡ ወዲያው ያጠፋብኛል። በማግስቱ ደግሞ እወስዳለሁ።