የተጨማደደ አረር

አጎቴን ሰፈሩ የሚያውቀው ግራሶ በሚል ስም ነው። ዕድሜውን ሙሉ ጋራዥ ሠርቶ ጡረታ ሲወጣ ይዞት የመጣው አንድ ባልዲ ግራሶና አንድ አባባል ነው፤ «ግራሶ የማይፈታው ነገር የለም!» በር ሲንጫረር ግራሶ፣ መቀርቀሪያ ሲጠብቅ ግራሶ፤ ከጎረቤት ጣት አልወጣ ያለ ቀለበት እንኳን በግራሶ አውልቋል። ችግሩም ይኸው ነው፤ አንዴ የሠራለትን ነገር ለሁሉም በሽታ ያዝዘዋል። እኔ የእህቱ ልጅ ነኝ፤ ጓሮ ካለችው ክፍል ውስጥ ስለምኖር የማወራው ያየሁትን ነው። እሱን አንተ እለዋለሁ፤ ሚስቱን እትዬን ግን አንቱ ነው የምላቸው። ለምን እንደሆነ ቆይቶ ይገባችኋል።

ነገሩ የጀመረው አጎቴ አባል ከሆነበት የዒላማ ተኩስ ክበብ ነው። ጠመንጃው ከራሱ ጋር የጃጀ ስለሆነ ጥይቱ ከገበያ ጠፋ። ሌላ ሰው ቢሆን ጠመንጃውን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ አርፎ ይቀመጣል። አጎቴ ግን ክበቡ መሀል ቆሞ «አረሩን እኔው ራሴ ቤቴ አፈስሰዋለሁ!» አለ። በማግስቱ ሰፈሩን እየዞረ «እርሳስ ያላችሁ አምጡልኝ» ሲል፣ ጎረቤታችን አስተማሪው ከነመቅረጫው አንድ ፓኬት እርሳስ ይዞ ከች አለ።

«የሚጻፍበትን አይደለም፣ የሚቀልጠውን ነው!» ብሎ አጎቴ ጮኸበት። በመጨረሻ የድሮ ጋራዡ የጎማ ባላንስ እርሳስ በጆንያ ሰጠውና ተገላገልን። የተገላገልን መስሎን ነበር።

ቀጥሎ የእትዬን ወጥ ቤት ወረሰ። ምድጃው ላይ የእርሳስ ድስት ተጣደ፤ መደርደሪያው ላይ፣ ከጨው ዕቃው አጠገብ፣ ፎርማው ተቀመጠ። ፎርማ የሚለው ሁለት እጀታ ያለው፣ እንደ አፍ የሚከፈትና የሚገጥም ብረት ነው፤ የቀለጠው እርሳስ ሆዱ ውስጥ ይፈስና ሲቀዘቅዝ አረር ሆኖ ይወጣል። እትዬ «የእርሳስ ጭስ መርዝ ነው፣ እዚያ ምግብ አላበስልም» ብለው ከሰል ማንደጃቸውን ይዘው በረንዳ ወጡ። ክረምት ነበር። በአንድ እጃቸው ጃንጥላ፣ በሌላው ማማሰያ ይዘው ወጥ ሲሠሩ ማየት አንጀቴን ይበላው ነበር።

«ወጥ ቤቴን መቼ ነው የምትመልስልኝ?» አሉት።

«አንዲት ለስላሳ አረር ላውጣ ብቻ! በዚያኑ ቀን ወጥ ቤትሽ ያንቺ ነው።»

ይህን ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

የመጀመሪያዎቹ አረሮች እንደ ዘቢብ ተጨማድደው ወጡ። አጎቴ እርሳሱን ወነጀለ። ከዚያ እሳቱን ወነጀለና ቢጨምርበት አረሮቹ አመድማ ሆኑ እንጂ መጨማደዱን አልተዉም። ነፋሱን ወነጀለ። ነፋሱ ሲያልቅበት «በር ላይ ቆመሽ ስለምታዪኝ ነው» ብሎ እትዬን ወነጀለ። ቀኑን እንዲህ ሲወነጅል ይውልና ሥራውን ሲጨርስ ጣቱን ባልዲው ውስጥ ነክሮ የፎርማውን ሆድ በግራሶ ያሻል። «ብረት ሲደርቅ ነው የሚጨማደደው፣ ልክ እንደ ሰው ቆዳ» ይለናል። ጠረጴዛ ላይ ደርድሮ የተሻለችውን ሲፈልግ «ከዝንጀሮ ቆንጆ ምን ይመራርጧል» ስለው ከቤት ሊያስወጣኝ ምንም አልቀረው።

«ዛሬስ ምን ወጣ?» ይላሉ እትዬ ከበረንዳ።

«አረር ነዋ!»

«ያረርኩትማ እኔ ነኝ።»

አንድ ቀን አጎቴ ክበብ ሄዶ ሳለ እትዬ ጨው ሊወስዱ ቢገቡ፣ ከፎርማው የተንጠባጠበ ግራሶ የጨው ዕቃቸውን አጨማልቆት አገኙ። በንዴት ዕቃውንም ፎርማውንም በፈላ ውሃና በሳሙና ፈተጉት። ፎርማውን እሳት ዳር በደንብ አድርቀው ወደ ቦታው መለሱት። «እንዳትነግረው፣ ግራሶዬን ብሎ ያብዳል» አሉኝ።

አጎቴ መጣ፣ እርሳሱን አቀለጠ፣ የተቀባ ፎርማ መስሎት አፈሰሰ። ሲከፍተው አንዲት መጨማደድ የሌለባት፣ የምታበራ አረር ወጣች። ሁለተኛዋም፣ ሦስተኛዋም እንደዚያው።

«አላልኳችሁም? ግራሶው ቀስ እያለ ብረቱ ውስጥ ገባ! ከእንግዲህ መቀባትም አያስፈልገው!»

እትዬ ፊታቸው በራ። ድስታቸውን ታቅፈው ከበረንዳ እየገቡ ነበር።

«ቆይ፣ ቆይ፣ አታስገቢው» አለ አጎቴ። «ምስጢሩን ካገኘሁማ ለክበቡ ሰው ሁሉ ላፈስስ ነው። ሁለተኛ ድስትም አመጣለሁ።»

«ቃልህስ?»

«ቃሌ ለአንዲት አረር ነበር። አሁን እኮ ብዙ ናቸው!»

የራሱ እያረረበት የሰው ሊያማስል ነው። እውነቱን ልናገር፣ ያን ጊዜ አጎቴን ጠላሁት። እትዬ ግን ፎርማውን አዩ፤ ሳሙናውን አዩ፤ ከዚያ ባልዲውን ትክ ብለው አዩት። ድስታቸውን በረንዳው ላይ መልሰው ጣዱ።

በማግስቱ ጠዋት አጎቴ ጢሙን ሲላጭ እትዬ ወጥ ቤት ገቡና አውራ ጣታቸውን ባልዲው ውስጥ ነክረው ወደ ፎርማው ዞሩ። እኔ ደግሞ በድንገት ጫማዬን ማሰር አማረኝና ጎንበስ አልኩ።

የክበቡ ሰዎች ተጠርተው መጡ። አጎቴ እጅጌውን ሰብስቦ አፈሰሰና ፎርማውን ከፈተ። የክበቡ ሊቀመንበር አረሯን አገላብጦ አየና «ይቺ አረር ናት ወይስ የአንተ ፎቶ?» አለው። ሳቁ እስከ መንገድ ተሰማ። አጎቴ የጆንያው እርሳስ እስኪጋመስ አፈሰሰ፤ በየመሀሉም «ደርቆ ነው» እያለ ግራሶ ጨመረበት። እንግዶቹ ሲሄዱ ድስቱን በገዛ እጁ ተሸክሞ ወደ ጓሮ አወጣና «እርሳሱ ጊዜው አልፎበታል» ብሎ ደመደመ።

እትዬ ወጥ ቤታቸውን ሲያጥቡ ሰነበቱ። የመጀመሪያውን ወጥ የጣዱ ቀን አጎቴ በር ላይ ተደግፎ ቆመ።

«አንድ ቀን እኮ ሆኖልኝ ነበር። ምን ነክቶት ይሆን?»

እትዬ ከሽንኩርቱ ቀና ሳይሉ «እንጃ» አሉት። «ብቻ እውነትህን ነው፣ ግራሶ የማይፈታው ነገር የለም።»

«አላልኩሽም?» አለ አጎቴ ደረቱን ነፍቶ።