ሦስት ሜትር ከአሥራ አምስት

ኤልሳዕ ኪዳነወልድ ሥራው ቤት መለካት ነው። ሐረር ውስጥ አሮጌ ቤቱን ሊያድስ ወይም አዲስ ሊሠራ ያሰበ ሰው ፕላን ሲያስፈልገው፣ ከሸዋ በር ወደ አዲሱ ከተማ በሚወስደው መንገድ ዳር ወዳለችው ጠባብ ቢሮው ይመጣል። ዕድሜው አርባ አንድ ነው። ቁመቱ ረጅም ስለሆነ ጀጎል ውስጥ በየበሩ ጎንበስ ሲል ኖሮ፣ አሁን ሜዳ ላይም ጎንበስ ብሎ ነው የሚሄደው። ሜትሩ ከቀበቶው አይለይም። ጨዋታ ይወዳል፤ በቁጥር ግን አይቀልድም።

ይህ ሰው ባለፈው ጥር ሦስት ሜትር ከአሥራ አምስት ሳንቲም ከየት እንደመጣበት ጠፍቶት ሁለት ሳምንት ያህል ተደናገረ። ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ መንገድ ሲሻገር ያየነው ሁሉ የአንዱ ደንበኛ ቤት ያስቸገረው መስሎን ነበር። ቤት አልነበረም። መርከብ ነበረች። ያውም የባሕር አይደለችም፤ የሰማይ ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኤልሳዕ ልጅ ሳለ ቅዳሜ ከሰዓት በቴሌቪዥን የሚታይ የውጭ ተከታታይ ፊልም ነበር። በከዋክብት መካከል ስለምትጓዝ መርከብና ስለ ሠራተኞቿ ነው። የመርከቧን ስም ወደ አማርኛ ሲመልሰው «አድማስ ተሻጋሪ» ይላታል። ፊልሙ ሃያ ስድስት ሳምንት ታየና ቆመ። በዚያ ሁሉ ሳምንት የታየው የመርከቧ ሆድ ግን ሦስት ቦታ ብቻ ነው፤ መሪው ያለበት አዳራሽ፣ የአዛዡ መኝታ፣ ከዚያ ደግሞ አንድ ረጅም ኮሪደር። ኮሪደሩ በግራ ስድስት፣ በቀኝ ስድስት በር አለው። ሰው ይገባል፣ ሰው ይወጣል፣ በሩ ይዘጋል። ውስጡ አይታይም።

«የት ነው የሚተኙት?» ይል ነበር ያኔ። አድጎም አልተወውም።

ከሦስት ዓመት በፊት ኢንተርኔት ላይ ይህንኑ የሚጠይቁ ሰዎች አገኘ። አርባ ያህል ናቸው። አስተባባሪያቸው ብራዚል ነው ያለው፤ አንዷ ፊንላንድ፣ ሌላው ፊሊፒንስ፤ ማንም ማንንም በአካል አያውቅም። የተስማሙት ፊልሙ ያላሳየውን የመርከቧን ውስጥ በሙሉ በኮምፒውተር ሠርተው፣ የፈለገ ሰው ስክሪኑ ላይ ገብቶ እንዲዘዋወርባት ለማድረግ ነው። ፎቅ ፎቁን ተከፋፈሉ። ለኤልሳዕ ሦስተኛው ፎቅ ደረሰው፤ ያ ኮሪደርና አሥራ ሁለቱ መኝታዎች።

ሚስቱ ብሌን መምህርት ናት፤ ነገር ሳይገባት አታልፍም።

«ማን ሊኖርበት ነው?» አለችው።

«ማንም።»

«ማን አዘዘህ?»

«ማንም አላዘዘኝም።»

«ታዲያ ብትሳሳት ማን ይቆጣሃል?»

አርባ ሰው ይቆጣኛል ቢላት እንደምትስቅበት ያውቃል።

ሁለት ዓመት ሠራ። ጠዋት ቢሮውን ከመክፈቱ በፊት፣ በምሳ ሰዓት፣ መብራት ባለ ጊዜ ሁሉ። አልጋውን፣ መታጠቢያውን፣ የልብስ መስቀያውን። ከሁሉ ይበልጥ የለፋው ግን በግድግዳዎቹ ላይ ነው። በየግድግዳው ውስጥ ዕቃ የሚቀመጥባቸው ጎድጎድ ያሉ ቦታዎች አወጣ፤ ሐረር ውስጥ ጣቄት የምንላቸው ዓይነት። አንዱ ውስጥ ኩባያ፣ አንዱ ውስጥ ጫማ፣ አንዱ ውስጥ ገና ያልተነበበ ደብዳቤ። ፊልሙ ላይ ሁለት ጊዜ ብቻ ብቅ ለሚል አንካሳ መካኒክ፣ ሳይንጠራራ እንዲደርስበት ጣቄቱን ዝቅ አድርጎ ሠራለት። የፊንላንዷ ሴትዮ ይህን አይታ «እዚህ ሰው እንደሚተኛ ዛሬ አመንኩ» ብላ ጻፈችለት። ያንን መልእክት ለስንቱ አሳይቷል መሰላችሁ! ለእኔ እንኳ ሦስት ጊዜ።

ፎቆቹ ተገጣጥመው መርከቧ የምትከፈተው በጥር የመጨረሻው እሑድ ነበር። ደንቡ ጥብቅ ነው። ከመርከቧ የውጭ አካል ጋር ያልገጠመ ፎቅ በግራጫ ግድግዳ ይዘጋል፤ ላዩ ላይም «ያልታወቀ» ተብሎ ይጻፍበታል። አንዴ ከተገጣጠመች ደግሞ እስከሚቀጥለው ጥር ማንም ምንም አይነካም። ሁለት ሳምንት ሲቀረው ብራዚላዊው ጻፈ፤ «ወዳጄ፣ ፎቅህ በመርከቧ ኋላ በኩል ሦስት ሜትር ከአሥራ አምስት ሳንቲም ወጥቷል።»

የመርከቧ ሦስተኛ ፎቅ ርዝመት ሃያ ሜትር ከሃያ አምስት ነው፤ ከውጭ በሚታዩት መስኮቶች ተሰልቶ ሁሉም የተስማማበት ነው። የኤልሳዕ ሥራ ሃያ ሦስት ከአርባ መጣ። መስኮቶቹን እንደገና ቆጠረ። አልጋውን ለካ። በሮቹን ለካ። ፊልሙን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አየው፤ ኮሪደሩ ውስጥ ወይ ጭስ አለ ወይ ሰው ይሯሯጣል፣ በበርና በበር መካከል ያለው ርቀት በእርግጠኝነት አይታወቅም። ግድግዳውን ግን አልጠረጠረም። ግድግዳው ለዓይኑ ልክ ነበራ!

«ምናልባት ውስጧ ከውጯ ይበልጥ ይሆን?» አለኝ አንድ ቀን፣ ባጃጅ ስንጠብቅ።

«እንደዚያ ይሆናል እንዴ?»

«አይሆንም» አለ። ባጃጁ መጥቶ ጎንበስ ብሎ እየገባ ግን፣ «አይሆንም አይደል?»

በሁለተኛው ሳምንት ሰኞ፣ ኤረር በር አካባቢ የሚታደስ ቤት ሊለካ ሄደ። እድሳቱን የያዙት ጋሽ ሙሜ ናቸው። ከከተማው ወጣ ካለው ከሶፊ የሚመላለሱ፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ግንበኛ ናቸው፤ ጀጎል ውስጥ እጃቸው ያላረፈበት ሰፈር ጥቂት ነው። ኤልሳዕ ለአሥራ አንድ ዓመት ግድግዳ ሲለካ ሜትሩን ከወዲያ ጫፍ ይዘውለት የኖሩት እሳቸው ናቸው። ለምሳ አረፍ ባሉበት ላፕቶፑን ከፍቶ መርከቧን ማገላበጥ ሲጀምር፣ ጋሽ ሙሜ አንገታቸውን ሰገግ አደረጉ።

«ይሄ የማን ቤት ነው?»

«ቤት አይደለም ጋሽ ሙሜ። በሰማይ የምትሄድ መርከብ ናት።»

«ሱብሃነላህ! ሰው አላት?»

«ፊልሙ ላይ ነበራት።»

«አሁንስ?»

«አሁን... እኔ እንጃ።»

ጋሽ ሙሜ መነጽራቸውን ከኪሳቸው አወጡ። ስክሪኑን ቀረብ ብለው፣ ራቅ ብለውም አዩት።

«ድንጋዩን ማን ተሸከመልህ?»

«የምን ድንጋይ? ብረት ነው እኮ። ብረት ይመስለኛል።»

«አቦ ተወኝ! ብረት ከሆነ ክንድ ከጋት ያወፈርከው ለምንድን ነው? ጣራው ጭቃ ነው? ወላሂ ይሄ የእኔ ግድግዳ ነው። ጣቄቱም የእኔ ነው። ሳታስፈቅደኝ ሰማይ ላይ ወሰድከው!» ብለው እስኪያስላቸው ሳቁ።

ኤልሳዕ አልሳቀም። የግድግዳውን ውፍረት ተመለከተ። ስድሳ ሳንቲም ይላል። የሚሠራበት ፕሮግራም «ግድግዳ» ሲባል ገና ሳይጠየቅ ስድሳ ሳንቲም ነው የሚያሰምረው፤ የጀጎልን ቤቶች ሲለካ ራሱ ኤልሳዕ እንዲያ አድርጎ አስተካክሎት ነበር። ከዚያ ወዲህ አልነካውም። በኮሪደሩ በአንድ ወገን ላሉት ስድስት መኝታዎች ከጫፍ ጫፍ ሰባት ግድግዳ አለ። ሰባት ጊዜ ስድሳ፣ አራት ሜትር ከሃያ። መርከብ ላይ የሚበቃው ግን አሥራ አምስት ሳንቲም ነው፤ ሰባት ጊዜ አሥራ አምስት፣ አንድ ሜትር ከአምስት። ልዩነቱን መዳፉ ላይ በእስክሪብቶ አሰበው። ሦስት ሜትር ከአሥራ አምስት።

ግራ መጋባቱ በዚህ ያበቃል ብሎ ነበር፤ የባሰው ገና መጣ። ግድግዳውን ወደ አሥራ አምስት ሲያሳንሰው ፎቁ ልክክ ብሎ ገባ፤ አርባ ሳንቲም ጥልቀት ያላቸው ጣቄቶች ግን ወዲያ ማዶ ሾልከው ወጡ። የአንዱ ጫማ የጎረቤቱ ትራስ ላይ ተንሳፈፈ። ጣቄቶቹን ሲያጠፋቸው ደግሞ አሥራ ሁለቱም መኝታ አንድ ዓይነት ባዶ ሳጥን ሆኑ። ቢተዋቸው ፎቁ በግራጫ ይዘጋል፤ ቢያጠፋቸው ፎቁ ይገባል፣ የሠራው ነገር ግን አይኖርም።

«ፊልሙ ላይ ጣቄት አይተሃል?» አለችው ብሌን።

«አላየሁም።»

«ስለዚህ የለም።»

«አለመኖሩንም አላየሁማ! በሩ ይዘጋል እኮ።»

«አሁን እኔንም አደናገርከኝ» አለች ብሌንና ወደ ፈተና ወረቀቷ ተመለሰች።

የዚያኑ ዕለት ጉዱን ሁሉ ለአርባዎቹ ጻፈላቸው፤ ግድግዳው የሐረር ግድግዳ እንደሆነ፣ ምን እንደሚያደርግ እንደማያውቅ። ማክሰኞ ኔትወርክ ጠፋ። ረቡዕም የለም፣ ሐሙስም የለም። መልስ ይላኩለት ይተዉት የሚያውቅበት መንገድ አጣ። ዓርብ ጠዋት ቆረጠ። ከግድግዳው ሳይሆን ከመኝታዎቹ ሊቀንስ። ከእያንዳንዱ ሃምሳ ሁለት ሳንቲም ተኩል። ሦስት ሜትር ከሃያ የነበሩት ሁለት ሜትር ከስድሳ ሰባት ተኩል ሆኑ። አልጋው ገባ፤ የመስቀያው ቦታ ተቀየረ፤ መካኒኩ እግሩን የሚዘረጋው ወደ በሩ ሆነ። ኩባያውም፣ ጫማውም፣ ደብዳቤውም በየጣቄታቸው ቀሩ። ርዝመቱ ሃያ ከሃያ አምስት፤ አንዲት ሳንቲም አልተረፈችም። ቅዳሜ ኔትወርኩ ለግማሽ ሰዓት ብቅ ሲል ፋይሉን ላከው። ተላከ ካለው በኋላ ወዲያው ጠፋ፤ የመጡለትን መልእክቶች እንኳ ለመክፈት አልደረሰም።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ሐኪም ጋራ ባለው ቤታቸው፣ መብራቱም ኔትወርኩም አንድ ላይ ነበሩ። ብሌን አጠገቡ ተቀመጠች። መርከቧ ስትከፈት መጀመሪያ የሄደው ወደ ሦስተኛው ፎቅ ነው። ግራጫ የለም! ኮሪደሩ ተከፍቷል፣ በሮቹ ይከፈታሉ፣ ከየአገሩ የገቡት ሰዎች ትንንሽ ምስሎች ወዲያ ወዲህ ይላሉ። አንዱ የመካኒኩን ጣቄት ጎንበስ ብሎ ያያል።

«ገባ! ብሌንዬ፣ ገብቷል!»

«እንኳን ደስ አለህ» አለችው፣ እውነቷን ነበር። «እስቲ እኔ ልሂድበት።»

እሷ ቁልፎቹን እየተጫነች ስትዘዋወር፣ እሱ በስልኩ የሳምንቱን መልእክቶች ከፈተ። የብራዚላዊው የተጻፈው ዓርብ ነው። «ስለ ግድግዳህ ሦስት ቀን ተጨቃጨቅን» ይላል። «የመርከቧ ርዝመት ቀድሞም በመስኮት የተገመተ ነው። ሃያ ስድስት ሰው ደግፎ፣ ዘጠኝ ሰው ተቃውሞ፣ መርከቧን በሦስት ሜትር ከአሥራ አምስት አስረዘምናት። ጣቄቶቹን እንዳትነካ። መኝታዎቹንም እንዳሉ ላካቸው።»

ኤልሳዕ ሁለት ጊዜ አነበበው። እነሱ መርከቧን አስረዝመዋል፤ እሱ መኝታዎቹን አሳጥሯል። ከዛሬ ጀምሮ ደግሞ እስከሚቀጥለው ጥር ማንም ምንም አይነካም።

«ኤልሳዕ» አለች ብሌን፣ «ኮሪደሩ አልቆ እኮ መርከቧ አላለቀችም። ከውጭ ሳያት ወዲያ ማዶ ገና ቦታ አላት። በሩ የት ነው?»

«በር የለውም። ፊልሙ ላይ አሥራ ሁለት በር ብቻ ነው ያለው።»

«ታዲያ እዚህ ውስጥ ምንድን ነው ያለው?»

አዳዲስ መልእክቶች ስልኩ ላይ ይንጫጩ ጀመር፤ የፊንላንዷም፣ የፊሊፒንሱም፣ ሁሉም ያንኑ ነው የሚጠይቁት። የፎቁ ባለቤት አንተ ነህና አንተ ንገረን ይላሉ። አንዱ ጭራሽ መጋዘን ነው ብሎ መከራከር ጀምሯል።

«ንገራቸዋ!» አለች ብሌን።

«ምን ብዬ?»

«እኔ ምን አውቄ! ለኪው አንተ አይደለህ?»

ብሌን ወደፊት የሚያስኬደውን ቁልፍ እንደተጫነች ናት፤ ስክሪኑ ላይ ያለችው ትንሽ ሰው ደግሞ ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ፣ ግድግዳው ሥር፣ ባለችበት ትራመዳለች።