በዕጣ የደረሰኝ ሐኪምነት

መምህሩ የሕይወት ዓላማችንን በብስኩት ካርቶን ይዞት መጣ።

ዘመኑ የደርግ ነው። ከሆሳዕና ወጣ ብሎ ሌሞ ውስጥ፣ በገበሬ ማኅበሩ አዳራሽ፣ እኛ ሚስቶችና አያቶች መሠረተ ትምህርት ስንማር ከርመን ልንመረቅ ተቃርበናል። ማንበብና መጻፉን የተማርነው በሀዲይኛ ነበር። ለምረቃው ግን ከአውራጃ እንግዳ ስለሚመጣ እያንዳንዷ ሴት ተነሥታ የሕይወት ዓላማዋን በአማርኛ ትናገር የሚል ትእዛዝ ወረደ። መምህሩ ለዘመቻ ከሌላ አገር የመጣ፣ ገና ጢም ያላበቀለ ልጅ ነው። እንደ ልባችን ቢለቀን ምን እንደምንል እግዜር ይወቅ ብሎ ፈራ መሰለኝ፣ ዓላማውን ራሱ በቁርጥራጭ ወረቀት ጽፎ አመጣልን።

«ጓዶች እናቶች» አለ፤ ሲጠራን እንዲህ ነበር። «ለእያንዳንዳችሁ የሚስማማውን አስቤበታለሁ።»

ያሰበበትንም አነበበልን። ለሊቀመንበሩ ሚስት ሐኪምነት። ለእህቷ ነርስነት። ባሏ የጭነት መኪና ረዳት ሆኖ ከአዲሎ ሾኔ ለሚመላለስባት ጎረቤቴ፣ ትራክተር ነጂነት፤ መኪና ለዘመዷ ነው ብሎ ይሆናል። ከሁላችን በዕድሜ ለምትበልጠው፣ ጥርሷ ላለቀው አሮጊት፣ ስፌት። ለእኔ የዶሮ እርባታ።

ዶሮ! እኔና ዶሮ ጠበኞች መሆናችንን መንደሩ ሁሉ ያውቃል። ጎመኔን ጭረው ጨርሰው ሲያበቁ ቤቴ ገብተው አልጋዬ ላይ የሚተኙ ፍጥረቶች ናቸው። ግን ከዶሮው ይልቅ ያናደደኝ አመዳደቡ ነው። ተነሣሁ።

«ልጄ፣ ይሄን የመደበው ማነው?»

«እኔ ነኝ፣ ጓድ እናት።»

«በምን ለክተህ?»

«በችሎታ።»

«የሊቀመንበሩ ሚስት ባለፈው ሳምንት በግ ሲታረድ ደም አይታ ወድቃለች። በምን ችሎታዋ ነው ሐኪም የምትሆነው?»

«አንቺ!» አለች ሴትዮዋ ከፊት ወንበር ዞራ። «የወደቅሁት ከፀሐዩ ነው!»

«ዳመና ነበር፣ እቴ።»

አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። ልጁ ካርቶኑን ደረቱ ላይ አጥብቆ ያዘው።

እዚህ ላይ የእኛን አገር የመስቀል ሥጋ ላስረዳ። ለመስቀል ወንዶቹ በማኅበር አንድ በሬ ያርዳሉ። ሥጋው በእንሰት ቅጠል ላይ መደብ መደብ ተደርጎ ይቀመጣል፤ ለእያንዳንዱ መደብ ከሽንጡም ከጎድኑም ከጨጓራውም ይደርሰዋል። ከዚያ እያንዳንዱ አባወራ ምልክቱን ይሰጣል፤ አንዱ ጭራሮ፣ አንዱ ጠጠር፣ አንዱ ቁልፍ። ጀርባውን ሰጥቶ የቆመ ሰው ምልክቶቹን ሳያይ በየመደቡ ላይ ይጥላል። የደረሰህን ትወስዳለህ፤ ማጉረምረም የለም፣ መለዋወጥ የለም።

እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ዓይኔ ከዚያ ቅጠል ላይ አይነቀልም። ሌሎች ልጆች ጉበት ሲለምኑ እኔ መደቦቹን ከአጥር ወዲያ ሆኜ አስተያያለሁ። «ያኛው ላይ ሥብ በዝቷል፤ ይሄኛው አጥንት ብቻ ነው» እላለሁ፤ ያባርሩኛል። ሴት ወደ ሥጋው አትጠጋም። የሴት ተራ የሚመጣው ሥጋው ቤት ሲገባ ነው። በሕይወቴ እንደዚያ ቦታ የቀናሁበት ቦታ የለም፤ ቢላ ይዞ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ሰውን ሁሉ እኩል የሚያደርገው ሰው ቦታ። ይህ ግን ዓላማ ተብሎ በወረቀት የሚጻፍ ነገር መሆኑን ማን ነገረኝ?

«እንግዲያውስ እንደ መስቀል ሥጋ ዕጣ ይጣልበት» አልሁ።

«ጓድ እናት፣ ዓላማ እኮ ዕጣ አይጣልበትም!»

«አንተ ስትመድበው ጊዜ ምን ጣልህበት?»

ሴቶቹ በአንድ ድምፅ «ዕጣ! ዕጣ!» አሉ። ምስኪኑ ልጅ ምን ያድርግ? ወረቀቶቹን ጠረጴዛው ላይ ገለበጣቸው። እኛም ምልክታችንን አዋጣን። እኔ ባቄላ ሰጠሁ፤ አሮጊቷ የመርፌ ቁልፏን ከቀሚሷ ነቅላ ሰጠች። ልጁ ጀርባውን ሰጥቶ እጁን ወደ ኋላ እየላከ ጣለው።

ወረቀቶቹ ሲገለጡ ዶሮው ለሊቀመንበሩ ሚስት ደረሰ። ትራክተሩ ለጥርስ አልባዋ አሮጊት። ሐኪምነቱ ለእኔ።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ትልቁ ሻኛ የደረሰኝ ያህል ሁሉም በቅናት አዩኝ። እኔ ግን ወረቀቱን ይዤ ስሄድ የሰው ጫማ ያደረግሁ ያህል እግሬ ከበደኝ።

በማግሥቱ የሊቀመንበሩ ሚስት ደጄ ላይ ቆመች።

«እቴ፣ እንለዋወጥ። ዶሮውን ውሰጂና ሐኪሙን ስጪኝ። ቅቤ እጨምርልሻለሁ።»

«ዕጣ ከወጣ በኋላ መለዋወጥ የለም።»

«አንቺ ሐኪም መሆን ትፈልጊያለሽ?»

«አልፈልግም።»

«እና?»

«ዕጣ ዕጣ ነው።»

«ከአጥርሽ ጋር ባወራ ይሻለኝ ነበር!» ብላ ሄደች። እውነቷን ነው፤ እኔም በራሴ ሕግ ታስሬ መቀመጤ ነበር።

አሮጊቷ ደግሞ ነገሩን ከልቧ ያዘችው። በአካባቢያችን ትራክተር የሚባል ነገር አልነበረም። እሷ ግን መምህሩን መንገድ ላይ አስቁማ ትጠይቀዋለች።

«ልጄ፣ ይሄ ትራክተር የት ነው የሚያድረው? ከላሞቼ ጋር?»

«ጋራዥ ይሠራለታል፣ እናቴ።»

«ምን ይበላል?»

«ናፍጣ።»

«ሲርበው ይራገጣል?»

የእኔው ባሰ። ወሬው መንደር ተሻግሮ፣ ጉንጩ ያበጠ አንድ ሰውዬ መንጋጋውን በነጠላ አስሮ መጣ።

«ሐኪም ወጥታለች ተብዬ ነው።»

«የወጣው ዕጣው ነው፣ ወንድሜ። መድኃኒቱ ገና አልመጣም።»

«እጠብቃለሁ» ብሎ ደጄ ተቀመጠ። ምሳ አበላሁት። በአንድ ጉንጩ አኝኮ፣ መርቆኝ ሄደ።

ባለቤቴ በዚህ ሁሉ ሲስቅ ሰነበተ። «ሐኪሜ፣ እስቲ ወገቤን እዪልኝ» ይለኛል።

«ወገብህን የጎዳው መቀመጥ ነው። ተነሥተህ ውኃ ቅዳ።»

የምረቃው ቀን ሲቀርብ ግን ሳቁ አልመጣልኝም። እኛ ዘንድ ሰው ከሕዝብ ፊት ተነሥቶ የተናገረው ቃል ዕድሜ ልኩን ይያዝበታል። ጸሎት ቤትም ቢሆን ውሸት ሁለት ዓይነት ነው ብለው አላስተማሩኝም። ሐኪም እሆናለሁ ካልሁ ዋሸሁ። አልሆንም ካልሁ ዕጣውን ያመጣሁት እኔው ነኝ፤ በዚያ ላይ ያ ልጅ በእንግዳው ፊት ይዋረዳል።

«ዝም ብለሽ በዪው» አለ ባለቤቴ። «ሐኪም ሁኚልን ብሎ ማን ይመጣብሻል?»

«ሰውዬው መንጋጋውን አስሮ መጥቶ የለም እንዴ?»

«ታዲያ አንቺ የምትፈልጊው ምንድን ነው?»

እንዲህ ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም ነበር። ነገርሁት። የያዘውን ዋንጫ አስቀምጦ እስኪያስለው ሳቀ።

«ሥጋ መመደብ! ይሄ ዓላማ ነው? ይሄ ሆዳምነት ነው!»

«ሆዳም የሚያየው ለራሱ የደረሰውን ነው። እኔ የማየው ለሌላው የደረሰውን ነው።»

ዋንጫውን መልሶ አነሣ። እኔ ግን ይህን ተናግሬ ስጨርስ ነገሩ ተገለጠልኝ። ዕጣ የሚጣለው ከአንድ በሬ በወጣ ሥጋ ላይ ነው። የትኛውም መደብ ቢደርስህ ያው ሥጋ ነው፤ ትበላዋለህ። እኛ ሴቶቹ ግን ከአንድ በሬ የተቆረጥን አይደለንም።

የምረቃው ዕለት አዳራሹ ጢም አለ። እንግዳው ካኪ ለብሶ ከፊት ተቀመጠ፤ ሊቀመንበሩ ከጎኑ። አሮጊቷ ቀድማ ተነሣች። «ትራክተር እነዳለሁ፤ ግን ቁጭ ብዬ ከሆነ ነው» አለች። በጭብጨባ አዳራሹ ተናጋ። የሊቀመንበሩ ሚስት፣ «ዶሮ አረባለሁ» ያለችው የሰው መርዶ እንደምትናገር ሆና ነበር። ከዚያ እኔ ተጠራሁ።

ወጣሁና ወረቀቴን መልሼ ካርቶኑ ውስጥ ከተትሁት።

«ዕጣዬ ሐኪምነት ነበር። አልሸጥሁትም፣ አልለወጥሁትም፤ ይኸው። ዓላማዬ ግን ሌላ ነው። ለመስቀል በሬ ሲታረድ ሥጋውን የምመድበው እኔ መሆን እፈልጋለሁ።»

ወንዶቹ ከኋላ በሳቅ ፈነዱ። መምህሩ ግንባሩን በእጁ ያዘ። የሊቀመንበሩ ሚስት ግን ለሳቅ ጊዜ አልነበራትም፤ ተነሥታ ወረቀቱን ከካርቶኑ ላፍ አደረገችው።

እንግዳው ሳይስቅ አየኝ።

«እናቴ፣ ይሄ ከአብዮቱ ጋር ምን ያገናኘዋል?»

«ጓድ፣ አብዮቱ ለሁሉም እኩል ይድረስ አይደል የሚለው?»

«ነው።»

«እኔም የምለው እሱኑ ነው። ከነአጥንቱ።»

ምን ይበል? አጨበጨበ። እሱ ሲያጨበጭብ ሊቀመንበሩ አጨበጨበ፤ ሊቀመንበሩ ሲያጨበጭብ የሳቁት ሁሉ አጨበጨቡ። «ሴቶች በሁሉም መስክ ይሳተፉ ተብሏል» አለ እንግዳው ወደ ሊቀመንበሩ ዞሮ። «ይፈቀድላት።»

መስቀል ደረሰ። የበሬው ማኅበር ወንዶች ቢላውን ሲሰጡኝ በዓይን ተጠቃቅሰዋል፤ ጎድኑ ላይ ሳትደርስ ይደክማታል ብለው ነው። ባለቤቴ ከዛፍ ኋላ ቆሟል።

ጎንበስ አልሁ፤ ጎንበስ እንዳልሁ ቀረሁ። ጉበቱን በጣት ውፍረት ከፋፈልሁ። ጨጓራውን እንደ ጨርቅ ዘርግቼ ለካሁ። አንዱ መደብ ላይ ጨምሬ ወደ ኋላ ቆሜ አያለሁ፤ ከሌላው ላይ አንሥቼ እመልሳለሁ። ፀሐይ ከራሳችን ላይ አለፈች። ወንዶቹ መጀመሪያ ቆመው ነበር፤ ቀጥሎ ተቀመጡ፤ ቀጥሎ ተጋደሙ። ሚስቶቻቸው ቅቤ አንጥረው ክትፎ ይጠብቃሉ፤ ልጆቹ ከየቤቱ እየተላኩ ይመጣሉ።

በመጨረሻ ሊቀመንበሩ ራሱ ተነሣ።

«አንቺ ሴትዮ፣ እኩል ሆኗል!»

«አልሆነም።»

«የጎደለበት ማነው?»

«ከዳር ያለው መደብ ጎድሎበታል። ለአንተም ሊደርስ ይችላል።»

«ይድረሰኝ! እኔ ተስማምቻለሁ!»

«እኔ አልተስማማሁም።»

ቀና ስል ፀሐይዋ ወደ ጋራው ተጠግታለች። ዕጣው ተጣለ። ሁሉም የየራሱን መደብ አየ፣ የጎረቤቱን አየ፣ እንደገና የራሱን አየ። የሚያጉረመርምበት ነገር ስላጣ ሁሉም ቅጠሉን ጠቅልሎ ወደ ቤቱ ሮጠ። እኔ ወገቤን መዘርጋት አቅቶኝ፣ ክንዴ እስከ ክርኔ ደም ሆኖ እዚያው ቆሜ ቀረሁ። እንደዚያን ቀን ራሴን የሆንሁበት ቀን ትዝ አይለኝም።

በዓመቱ መስቀል ሲቃረብ የማኅበሩ ወንዶች ተሰብስበው ደጄ መጡ። ቢላውን ሊነጥቁኝ ነው ብዬ ለጠብ መቀነቴን አጥብቄ ወጣሁ። እርስ በርስ ተያዩ፤ ሊቀመንበሩ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እህታችን፣ አንድ ነገር ልንለምንሽ ነው» አለ። «ዘንድሮ እባክሽ ጎሕ ሲቀድ ጀምሪልን።»