ቅቤ ማሽተት ክልክል ነው

በዚያ የኮሮና ሰሞን ትምህርት ቤት ተዘግቶ ሥራ ስፈታ፣ የጎዳኝ ሥራ መፍታቴ አልነበረም፤ ሜጋፎን መያዜ ነው። ከተማችን መካነ ሰላም ላይ የገበያ አስተባባሪ ኮሚቴ ሲቋቋም አንዱ ተነሥቶ «መምህሩ ድምፁ ትልቅ ነው» አለና ጠቆመኝ። ሰው ድምፁ ትልቅ ነው ሲባል ራሱም ትልቅ የሆነ ይመስለዋል። ሜጋፎኑን ትከሻዬ ላይ አንጠልጥዬ ከስብሰባው ስወጣ አካሄዴ ሳይቀር ተለውጦ ነበር።

ገበያውን ጨርሶ መዝጋት እንደማይቻል ሁላችንም እናውቃለን። ገበሬው ካልሸጠ አይዘራም፣ ከተሜው ካልገዛ አይበላም። ስለዚህ ገበያው አይዘጋ፣ ሰው ግን ይራራቅ ተባለ። በኖራ ክብ እንሥራ ያልኩት እኔ ነኝ፤ ያሰበ ይሥራ ተባልኩና ሙሉ ቀን አጎንብሼ፣ ሁለት ሁለት የአዋቂ እርምጃ እየለካሁ፣ ሜዳውን በነጭ ክብ ሞላሁት። ወገቤ ተቆረጠ።

በማግስቱ ገበሬው ከየአቅጣጫው ገባ፣ ክቦቹን አየ፣ አንድም ሰው እግሩን አላስገባባቸውም። በክቦቹ መካከል በተረፈችው ጠባብ መሬት ላይ፣ ከነበጉ፣ ከነገብሱ፣ ከነዶሮው፣ ትከሻ ለትከሻ ተፋፍጎ ቆመ። ክቦቹ ባዶ፣ ገበያው ጢም!

«ኧረ ክቡ ውስጥ ግቡ!» ብዬ ጮህኩ።

አንድ ሽማግሌ በጋቸውን እየጎተቱ ቀረቡኝ። «መምህር፣ ቂል አደረግኸን እንዴ? መንገድ ሲሰፋ ኖራ የተቀባው ቤት ሁሉ ፈረሰ። ኖራ የፈሰሰበት ቦታ ሁሉ ቀረጥ መጣበት። እዚያ ውስጥ የቆመ ሰው ምን ሊመጣበት ነው?»

እውነታቸውን ነዋ! በቀጣዩ ገበያ በጎቻቸውን ክቡ ውስጥ አቆሙና እነሱ ውጪ ተቃቅፈው ማውራት ያዙ። ቀረጥ ከመጣ በበጉ ይምጣ ብለው መሰለኝ። ማስኩማ አይነሣ! ያለ ማስክ መግባት ክልክል ነው ብንል፣ የገባው ሰው ማስኩን አውልቆ በመግቢያው ገመድ ላይ አሻግሮ ውጪ ለቆመ ወዳጁ ያቀብለዋል። አንዲት ማስክ ሃያ ሰው ስታስገባ በዓይኔ አይቻለሁ።

አንጀቴን ያቃጠለው ግን ቅቤ ተራ ነው። በእኛ አገር ቅቤ ሳይሸተት አይገዛም። ገዢዋ ቅጠሉን ትገልጣለች፣ በጥፍሯ ትቆነጥራለች፣ እጇ ላይ አሽታ ወደ አፍንጫዋ ታስጠጋለች፣ ትቀምሳለች፣ ከዚያ ፊቷን ታጨማድዳለች። ጥሩ ቢሆንም ታጨማድዳለች፤ ዋጋ ለማስወረድ ነው። ቀጥላ «እስቲ አንቺም አሽቺው» ብላ ለጎረቤቷ ታቀብላለች። አንዱን ቅቤ የሰፈሩ አፍንጫ በሙሉ ይጎበኘዋል። ስለዚህ መካከላቸው ገብቼ አወጅኩ፦ «ቅቤ ማሽተት ክልክል ነው! መቅመስም ክልክል ነው!»

«ታዲያ በፎቶ እንየው?» አለች አንዷ፤ ተሳሳቁብኝ። እኔ ግን ጠናሁ። ሦስት ሳምንት አፍንጫ ስጠብቅ ከረምኩ።

ሰኔ ሲገባ እናቴ መጣች። እናቴ ከከተማው የግማሽ ቀን መንገድ ርቃ የምትኖር፣ አባቴ ከሞተ ወዲህ መሬቷን በጎረቤት በሬ የምታሳርስ ገበሬ ናት። ያን ዓመት ለዘር ያስቀመጠችውን ገብስ ነቀዝ ፈጅቶባታል። ዝናቡ ጀምሯል፤ ባለበሬው በሚቀጥለው ሳምንት ሊዘራላት ቃል ገብቷል፤ የጎደለው ዘሩ ብቻ ነው። እኔ ልግዛልሽ ስላት «ከልጄ ኪስ የበቀለ ገብስ ጉሮሮዬን አይወርድም» አለችኝ። ግትርነቴን ከማን እንደወረስኩት ይኸው ተናገርኩ። ለወራት ያጠራቀመችውን ቅቤ በቅጠል ጠቅልላ፣ ሽጣ ዘር ልትገዛ ቅቤ ተራ ተቀመጠች።

ምግብ ቤት ያላት አንዲት ሴት ሁሉንም ባንዴ ልትወስድላት ቆመች። ጠዋት እሷው ቤት ሽሮ በልቼ «ውሃ ውሃ ይላል» ብዬ ተጣልቻት ነበርና፣ ሳትገላምጠኝ አላለፈችም።

«ሳላሸት አልገዛም» አለች። «እንዳላሸት ደግሞ ልጅሽ ከለከለ።»

እናቴ ቀና ብላ አየችኝ። «አንተው አሽተህ ንገራታ! መምህር አይደለህ? ሰው ያምንሃል።»

«እሱ ካሸተተ እገዛለሁ» አለች ሴትዮዋ።

ቅቤ ተራው በሙሉ ወደ እኔ ዞረ። ለእናቴ ዘር ስል አንዴ ብጥሰው ምን አለበት ብዬ ማስኬን ዝቅ አደረግኩ። አጎነበስኩና ሳብ አደረግኩ።

ምንም የለም።

ደግሜ ሳብኩ። የእናቴ ቅቤ ገና ቅጠሉ ሳይገለጥ ቤቱን የሚያውድ ነው፤ በጨለማ ለይቼ አውቀዋለሁ። ምንም! ያኔ የጠዋቱ ሽሮ ትዝ አለኝ። «ማሽተትና ጣዕም ማጣት የበሽታው ምልክት ነው» እያልኩ በሜጋፎን ስንት ጊዜ እንደጮህኩም ትዝ አለኝ።

«ምነው? ተበላሽቷል?» አለች እናቴ። ፊቷ አመድ መሰለ። ሴቶቹ መንሾካሾክ ጀመሩ። በዕድሜዋ ቅቤዋ ተመልሶባት አያውቅም።

«ግሩም ነው» ብል አበቃ፤ ዘሯን ይዛ ትገባለች። ወላሂ፣ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ነገር ግን ሴትዮዋ እኔ የተነፈስኩበትን ቅቤ ልትቆነጥር ጣቷን ዘርግታለች። ሜጋፎኑን አነሣሁ።

«ቅቤው ምንም አልሆነም። አልሸተተኝም እንጂ። የታመምኩት እኔ ሳልሆን አልቀርም!»

«ያ ረቢ!» አለ ገበያው በአንድ አፍ። ከዚያ ሰው ሁሉ እየዘለለ ክብ ውስጥ ገባ፤ አንድ ሰው ለአንድ ክብ፣ ልክ እኔ እንዳሰብኩት። እኒያ ሽማግሌ ሳይቀሩ በጋቸውን ውጪ ትተው ገቡ፤ ቀረጡም ይምጣ! ሦስት ሳምንት ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ጮኼ ያጣሁትን ያን ጊዜ አገኘሁት። ከክብ ውጪ የቀረነው እኔና እናቴ ብቻ ነን።

ቤትህ ተቀመጥ ተባልኩ። ናሙናዬ ተወሰደ፤ ውጤቱ የመጣው ከዳንኩ በኋላ ነው፤ አለብህ ይላል። ቅቤውን ግን ማንም አልነካውም። «የኮሮና ቅቤ» የሚለው ወሬ ገና ቤት ሳንገባ ጎረቤት ከተማ አጅባር ደርሶ ነበር።

እናቴ ወደ አገሯ አልተመለሰችም። ከተከራየኋት ክፍል ደጃፍ ሁለት እርምጃ በራሷ እግር ለክታ በርጩማ ላይ ተቀመጠች። ጠዋት ጠዋት ከቅቤው ዳጎስ አድርጋ ቆርሳ በቅጠል ታደርግና በእንጨት ገፋ ታደርግልኛለች።

«አሽት።»

«ምንም የለም፣ እማ።»

«አብሽር፣ ነገ ይሸትሃል። በል አናትህን ተቀባው።»

«ኧረ ዝናቡ እያለፈ ነው! ሂጂና ዘሩን በእኔ ገንዘብ ግዢ» ብዬ ብጮህ «አሽት ነው ያልኩህ» ትለኛለች። ባለበሬው ሁለት ጊዜ ላከባት። ሦስተኛ አልላከም፤ የራሱን ዘርቶ ጨረሰ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ቅጠሏን ሳነሣ መጀመሪያ ቅጠሉ ራሱ፣ ቀጥሎ ጭስ፣ ቀጥሎ የእናቴ ቤት ሸተተኝ።

«ሸተተኝ! እማ፣ ሸተተኝ!»

«አልሃምዱሊላህ!» አለች። በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች፤ ባዶውን የቅቤ መጠቅለያ አጣጥፋ መሬት ላይ አስቀመጠች።

«እንኳንም ሸተተህ» አለች። «የመጨረሻዋ እሷ ነበረች።»

ማሳዋ በዚያ ዓመት ጦም አደረ።