ሦስት ሺህ ኪሎ ሜትር የት ገባ?

ሰፈሩ ሁሉ ጋሽ ሜትር ይለዋል። ልብስ ሰፊ ነው፤ ሜትሩ ከአንገቱ ወርዶ አያውቅም፣ ሐኪም ቤት እንኳ አንጠልጥሎት ይገባል። ሰውዬው በእጁ ያልለካውን ነገር አያምንም።

አንድያ ልጁ ባሕር ማዶ ልታገባ ነው። ቬሎዋን ከእሱ በቀር ማንም እንዳይሰፋላት፣ መጥቶም በገዛ እጁ እንዲለካት ስትለምነው ከረመች። እሱ ደግሞ አውሮፕላን አጥብቆ ይፈራል። ልክሽን በስልክ ንገሪኝና ሰፍቼ ልላክልሽ ቢላት እንቢ አለች። ግትርነቱን ከየት እንዳመጣችው መቼም አይጠየቅም። ትኬቱ እስከ ዓርብ ካልተቆረጠ ግን ቦታው ያመልጣል፤ ልጅቱም ያለ አባት ልትዳር ነው።

ዓርብ ረፋዱ ላይ ልቁረጥ ልተው እያለ፣ እግሩን እየጎተተ ትኬት ቢሮ ደረሰ። ግድግዳው ላይ ትልቅ የዓለም ካርታ ተሰቅሏል። ይሄን አይቶ ዝም ሊል ነው? ወንበር ላይ ወጣ፣ ሜትሩን ከዚህኛው አውሮፕላን ማረፊያ እስከዚያኛው ወጥሮ ለካ፣ ካርታው ግርጌ በተጻፈው መስፈርት አባዛ። አሥራ ሦስት ሺህ ስድስት መቶ ኪሎ ሜትር ወጣው። ትኬት ቆራጯን ቢጠይቃት ግን በረራው አሥር ሺህ ስድስት መቶ ነው አለችው። ደሙ ፈላ። ሦስት ሺውን የት አባቱ አደረጋችሁት፣ ባሕር መሀል ልትጥሉኝ ነው እንዴ ብሎ ቢሮውን ቀወጠው። ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ።

ትኬት ቆራጯ አልሳቀችም። ከመደርደሪያ ላይ ክቡን የምድር ሉል አውርዳ ፊቱ አስቀመጠችና በዚህ ይለኩት አለችው። ሜትሩን ወጠር ሲያደርገው ሸርተት እያለ ወደ ላይ፣ ወደ በረዶው አገር ወጣ፤ አጠረም። በሉሉ መስፈርት ሲያባዛው ቁርጥ የእሷው ቁጥር መጣ።

ጋሽ ሜትርን ላብ አጠመቀው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ሆድ ሲለካ ዙሪያውን ነው እንጂ ጠረጴዛ ላይ አንጥፎ አያውቅም፤ ምድርን ግን እንደ አንሶላ ዘርግቶ ለካት! ሰበቡ አለቀ። የቀረው ፍርሃቱ ብቻ ነበር። እዚያው ቆሞ ለልጁ ደወለና ልለካሽ እየመጣሁ ነው አላት።

ልጅቱ ማልቀስ ጀመረች።

«አባዬ፣ እንዳትቆጣኝ። ቬሎውን ከገዛሁት ወር አልፎኛል። እንደዚያ ካላልኩህ አትመጣም ብዬ ነው።»

ሌላ ቀን ቢሆን የሱቅ ቬሎ ሲባል አገር ይያዝልኝ ይል ነበር። አሁን ግን ሆዱ ባባ። ለካ ልጅቱ የፈለገችው እሱኑ ነው።

«ትከሻው ገጠመሽ?»

«ትንሽ ይሰፋኛል» አለች።

ወደ ትኬት ቆራጯ ዞረ።

«ቁረጪልኝ የኔ ልጅ» አላት፤ «መስኮት ዳር ብቻ እንዳታደርጊኝ።»