የቁጡው ሰው የሕይወት ታሪክ

እንጀራዬ ቀብር መምራት ነው። ቄስም ሼህም አልፈልግም ብሎ ለተናዘዘ ሟች ቆሜ የሕይወት ታሪኩን አነባለሁ።

በፈረንጆቹ ሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ፣ አሜሪካ፣ ዴንቨር ከተማ ውስጥ ሥራውን በጀመርኩ ሰሞን፣ ቻምበርስ ሮድ የሚባል ጎዳና ላይ የሚኖሩ አንዲት እናት ባላቸው ሞተውባቸው ጠሩኝ። እኛ አበሾች ዘንድ የሕይወት ታሪክ ሲነበብ ሟች ሁሉ ትሑት፣ ታጋሽና ሰው አክባሪ ነው። እኔም ያንኑ ደርድሬ ጻፍኩና ከቀብሩ በፊት አነበብኩላቸው።

«ይሄ ደግሞ ማነው?» አሉኝ ቆጣ ብለው። «የኔ ባል እኮ ቁጡ ነበር! በረዶ በጣለ ቁጥር ማልዶ ይወጣና የጎረቤቱን ሁሉ መኪና ያጸዳል። ያመሰገነውን ሰው ግን ‹ምስጋናህን ትተህ ወደ ሥራህ ሂድ!› ብሎ ይጮህበታል።»

መጀመሪያ ተናደድኩ፤ ስንት ሰዓት የለፋሁበት ጽሑፍ ነው። ቤቴ ስገባ ግን አፈርኩና ቀድጄው እሳቸው እንዳሉት ጻፍኩ።

በቀብሩ ዕለት ያቺን «ምስጋናህን ትተህ» የምትለዋን ሳነብ ለቀስተኛው በሳቅ ፈነዳ፤ ልጆቻቸው እየሳቁ አለቀሱ። ሥራዬን የተማርኩት ያን ቀን ነው።

ስንለያይ የእናትየውን እጅ ይዤ «እግዜር ይስጥልኝ፣ እማማ» አልኳቸው።

እንባቸውን ጠረጉና ጮኹብኝ፦ «ምስጋናሽን ትተሽ ወደ ሥራሽ ሂጂ!»