የሴሉ አጥር ሽንቁር

የዘይት ቀለም ከአኳራጅ ጋር ሲቀጥን ሸትቷችሁ ያውቃል? መጀመሪያ አፍንጫን ይቆነጥጣል፣ ከዚያ ግንባር ላይ ይወጣና እንደ እንቅልፍ ያደርጋል። ባለፈው ሐሙስ በድሮ ትምህርት ቤቴ በር ስገባ ያ ሽታ እግሬን ያዘኝ። አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው፤ ትዝታ አለኝ ብል ትልልቆቹ ይስቁብኛል። ይሳቁ። እኔ ግን እዚያው በቆምኩበት ሰባተኛ ክፍል ገባሁ።

ያኔ የሳይንስ መምህራችን በክፍላችን የውጭ ግድግዳ ላይ የዕፅዋት ሴል እንዲሣል አሰበ። ማይክሮስኮፕ አልነበረንም። «ሴልን ባታዩት እንኳ ተደግፋችሁት ትቆማላችሁ» ይለን ነበር። ለወላጆች ቀን ግድግዳው ፊት ቆሞ ለእንግዶች የሚያስረዳ አንድ ተማሪ ያስፈልጋል አለና እኔን መረጠ። ከዚያ በፊት ለምንም ነገር ተመርጬ አላውቅም። የምታሳድገኝ አክስቴ የዚያን ዕለት የምለብሰውን ሰማያዊ ቀሚስ አሰፋችልኝ፤ ሥዕሉ ሳይጀመር ለጎረቤቱ ሁሉ አውርታ ጨርሳ ነበር።

ሰዓሊው ገበያው አጠገብ የሱቅ ታፔላ የሚጽፉ የጉራጌ ሰው ነበሩ። ጋሼ እላቸው ነበር። የመጽሐፉ እንግሊዝኛ ስለማይገባቸው ቲቸር እኔን አጠገባቸው አስቀመጠኝ፤ እኔ አነባለሁ፣ እሳቸው ይሥላሉ። ሁለት ቅዳሜ ከሰዓት እንዲህ አለፈ። ፀሐይዋ በባሕር ዛፎቹ መሃል እየተንጠባጠበች ግድግዳው ላይ ታርፋለች። ብሩሹ ኖራው ላይ ሲሄድ ላም ጥጃዋን ስትልስ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ነበረው። እስካሁን ያ ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ አለ፤ ትዝ ሲለኝ እንቅልፌ ይመጣል።

ጋሼ ሥራውን ያላወቁትን ነገር አይሥሉም ነበር። መሃል ያለው ትልቁ ምንድን ነው አሉኝ። የውሃ ማጠራቀሚያው ነው አልኳቸው። ብሩሹን አወረዱ።

«ይሄን ሁሉ ውሃ ለብቻው? የእኛ ሰፈር ቧንቧ ከደረቀ ስንት ቀኑ እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

ኒውክለሱን የቤቱ አባወራ ነው ብዬ አስረዳኋቸው፤ ሁሉ ነገር እንዴት እንደሚሠራ እሱ ጋ ተጽፎ ተቀምጧል። እንግዲያማ እማወራዋ ናት አሉኝና የሚስታቸውን ሻሽ ቀለም፣ ብርቱካናማ፣ ቀቡት። ማይቶኮንድሪያው ምድጃ ነው ስላቸው መሃሉ ላይ ቀይ ፍም ጠብ አደረጉበት። አረንጓዴዎቹ ክሎሮፕላስቶች በፀሐይ ብርሃን ምግብ እንደሚሠሩ ስነግራቸው ግን ዞር ብለው ጓሮ ያሉትን እንሰቶች ብዙ አዩዋቸው።

«አሁን፣ እዚያ ውስጥ፣ እየሠሩ ነው?» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ እንዳይረብሿቸው ይመስል።

አዎ አልኳቸው። እኔም እውነት መሆኑ የገባኝ ያኔ ነው። እስከዚያ ድረስ ሴል የፈተና ጥያቄ ነበር። አሁን ግን ያ ሰፊ ቅጠል ፀሐይ ሲያሳልፍ ውስጡ አንድ ከተማ ሙሉ ጭስ የሌለው ምድጃ የሚነድበት መሰለኝ፤ የእኔም እጅ፣ የእሳቸውም እጅ፣ በማናያቸው ቤቶች የተሞላ።

በመጨረሻ ሴል ዎሉ ላይ ደረስን። ከስሱ ሽፋን ውጭ ያለ ጠንካራ አጥር ነው አልኳቸው። ጎረቤት የለውም ወይ ብለው ጠየቁኝ። አለው፣ ብዙ ናቸው፣ ተደጋግፈው ነው የሚኖሩት አልኩ።

«ታዲያ እሳት የሚጫጫሩት በየት በኩል ነው? ሽንቁር የሌለው አጥር እኔ አላውቅም።»

መጽሐፉን ገለባበጥኩት፤ ሽንቁር የለም። ግን አክስቴና ጎረቤቷ እንሰቱ መሃል ባለችው ክፍተት ፍምም፣ ጨውም፣ ወሬም ሲቀባበሉ ታየኝ። ይሁን፣ ይክፈቱት አልኳቸው። አራት ትንንሽ ሽንቁር ከፈቱ፤ ከእያንዳንዱ ማዶ የጎረቤት ሴል ጠርዝ ብቅ አለ። ሰኞ እስኪደርስ እንደዚያ ግድግዳ የሚያምር ነገር በሶዶ ከተማ አልነበረም።

ሰኞ ቲቸር ሁላችንንም ይዞ መጣ። አየና ፊቱ ተቀየረ።

«ጋሼ፣ ሴል ዎል በር የለውም። ማነው ይክፈቱ ያለዎት?»

ልጆቹ ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ነኝ ብል ከግድግዳው ፊት ሌላ ልጅ ይቆማል። ሰማያዊው ቀሚስ ታየኝ። ጋሼ አንዴ አዩኝ፣ ከዚያ በቀለም የተዝጎረጎረ ጫማቸውን አዩ።

«እኔው ነኝ ያጠፋሁት። እሷማ አይሆንም ብላኝ ነበር፣ አልሰማኋትም።»

ልጆቹ ሳቁ። እሳቸው ቡናማውን ቀለም ወፈር አድርገው አራቱንም ሽንቁር ደፈኑ። እኔ ቆርቆሮውን ያዝኩላቸው፤ ቀና ብዬ አላየኋቸውም።

በወላጆች ቀን አስረዳሁ፣ ተጨበጨበልኝ፣ አክስቴ እልል አለች። ሴል ዎሉ ላይ ስደርስ ግን ፈጠን ብዬ አለፍኩ። ጋሼ ከኋላ ቆመው ያጨበጭቡ ነበር። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሄጄ ይቅርታ እጠይቃለሁ አልኩ። ቅዳሜው አለፈ፣ ሌላውም ቅዳሜ አለፈ። እንዲሁ አራት ዓመት ሆነ።

ሐሙስ ጠዋት፣ አሥራ አንደኛ ክፍል ውስጥ፣ የባዮሎጂ መምህርታችን የዕፅዋት ሴሎች በግድግዳቸው ውስጥ በሚያልፉ ረቂቅ ቀዳዳዎች ምግብና መልእክት እንደሚቀባበሉ አስተማረችን። እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። እጄን አወጣሁና በአጥሩ በኩል ማለት ነው አልኳት። አዎ፣ በአጥሩ በኩል አለችኝ። ደስታዬን የት ላድርገው? እንደተለቀቅን እየሮጥኩ ወደ ድሮው ትምህርት ቤቴ መጣሁ።

አያችሁ፣ ሽታው ያገኘኝ እንዲህ ስመጣ ነው። ግቢው እየታደሰ ነበር። የሴሉ ግማሽ ነጭ ሆኗል፤ እማወራዋም የለችም። ቀለም ቀቢዎቹን አንዴ ታገሱኝ ብዬ በቀረው ጠርዝ ላይ ጣቴን አሳለፍኩ። ከተደፈኑት ሽንቁሮች ሁለቱ እንደ ድሮ ቁስል ጠባሳ አበጥ ብለው ተገኙ። ሌሎቹ ሁለቱ ነጩ ሥር ገብተው ነበር፤ ስፈልጋቸው ቀለሙ ጣቴ ላይ ቀረ። ከዚያ ሮለሩ መጣ።

ከዚያ ወደ ጋሼ ሱቅ ሄድኩ። አሁን ልጃቸው በማሽን ባነር ታትምበታለች፤ እሳቸው ደጁ ላይ ወንበር አውጥተው ይቀመጣሉ። እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ማን እንደሆንኩ ስነግራቸው ፈገግ አሉ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ይክፈቱት ያልኩት እኔ እንደሆንኩ፣ ፈርቼ ዝም እንዳልኩ፣ ሽንቁሩም እውነት እንደሆነ። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ።

«እሳት ይጫጫራሉ በይኛ» አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ ዓይናቸውን ገለጡ። «እና ግድግዳው ላይ አሁን ከፈቷቸው?»

ከመንገዱ ማዶ፣ ከአንዱ ግቢ ብቅ ያለ የእንሰት ቅጠል የማታዋን ፀሐይ አሳልፎ ይበራል። ነጩ ቀለም ጣቴ ላይ ገና አልደረቀም። እጄን ወደ ኋላ ደበቅኩ።

«ክፍት ናቸው፣ ጋሼ» አልኳቸው።